በእትዬ ድምፅ ሥር

ኅዳር ዘጠኝ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የቧንቧ ሠራተኛው የገዛ ቤቱን የማድ ቤት ቧንቧ ፈታ። ሚስቱ ዓመቱን ሙሉ ስትለምነው የኖረችው ሥራ ነበር። የሰው ቤት ሲጠግን ይውላል፣ የራሱ ቤት ያንጠባጥባል፤ እሷም ጠብታውን በባልዲ እየተቀበለች «ያንተ ደንበኛ ለመሆን ምን ላድርግ? ሌላ ሰው ላግባ?» ትለው ነበር። የዚያን ቀን ታዲያ ማንም ሳይጠይቀው ተነሣ። ውሃውን ከቆጣሪው ዘጋ። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ተንበርክኮ አሮጌውን ቧንቧ አወጣ፤ አዲሱን በተራ በተራው ጋዜጣ ላይ ደረደረ። ከዚያ «እስቲ ትንሽ ልረፍ» ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወንበር አልተነሣም። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ።

የሥራ ጓደኞቹ በማግስቱ ሊገጥሙላት ሲመጡ ሚስቱ «ለጊዜው ተዉት» አለቻቸው። ምክንያቷን አልጠየቋትም፤ ከጎረቤት ውሃ ቀድተውላት ሄዱ።

ሊያስተዛዝኑ የመጡት ሰዎች ስለ እሱ ማውራት ሲጀምሩ ሳቅ ያመልጣቸዋል፤ ከዚያ ደንገጥ ብለው አፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። እሷ ሳቁን ወደደችው። «ሳቁ ግድ የለም» አለቻቸው። «እኔም ከእሱ ጋር የኖርኩት እየሳቅሁ ነው። የተናደድኩበት ጊዜ ቢኖርም እንኳ፣ ማታ አልጋ ላይ ሳስበው ያስቀኝ ነበር።»

ሰፈሩ የሚጠራው «ጆሮው» ብሎ ነበር። ግድግዳ ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ ሲያጋጥመው የካቻቢቴውን ጫፍ ግድግዳው ላይ ያሳርፋል፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ይለጥፋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። ሌላው ባለሙያ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር በሚያፈርስበት ጊዜ እሱ አንዲት ንጣፍ አንሥቶ «እዚህ ጋ ናት» ይላል፤ እዚያው ጋ ትገኛለች። በዚህ ጆሮው ይመካ ነበር። መመካት ኃጢአት መሆኑን ስለሚያውቅ ግን «እግዚአብሔር የሰጠኝ ጆሮ» እያለ ነበር የሚመካው።

መዘዙ የመጣው ከአንድ የእሁድ ስብከት ነው። ሰባኪው፣ የክርስቲያን አዎ አዎ፣ አይደለም ደግሞ አይደለም መሆን አለበት ብሎ ሰበከ። ሌላው ምእመን «አሜን» ብሎ ወደ ምሳው ሄደ። እሱ ግን ስብከቱን ቤት ድረስ ይዞት መጣ።

«ከዛሬ ጀምሮ» አላት ሚስቱን፣ ጫማውን እያወለቀ፣ «ለይሉኝታ ብዬ አልዋሽም።»

«መልካም። ግን ያለህን እውነት ሁሉ በአንድ ሳምንት ለመጨረስ አትሩጥ።»

እሱ ግን ሮጠ። ጎረቤት አራስ ሊጠይቁ ሄደው፣ እናትየዋ ሕፃኑን ገልጣ «ማንን ይመስላል?» ስትለው፣ ልጁን በጥሞና አይቶ «ገና ሰው አይመስልም» አላት። ሰባኪውን ራሱን በር ላይ ጨብጦ «ስብከትዎ መልካም ነበር፤ ካለቀ በኋላም ትንሽ ቀጠለ እንጂ» አለው። ሰባኪው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ዓይኑ ድረስ አልደረሰም።

ሚስቱ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። አንድ ቀን እራት እያቀረበች ልትመክረው ሞከረች። «አንድ ልጅ ፈረስ ስሎ ያመጣልኛል። ሥዕሉ ቁርጥ ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛ ነው እለዋለሁ ብለህ ነው?»

«ታዲያ ትዋሺዋለሽ!»

«አልዋሸውም። ‹ወዴት እየሄደ ነው?› እለዋለሁ።»

«ጠረጴዛ ወዴት ይሄዳል?»

«ይኸው! አንተ ክፍሌ ብትገባ ልጆቹ በሙሉ እርሳሳቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ነው የሚሄዱት።»

ይህ ሁሉ እስከዚህ ድረስ ቀልድ ነበር። እትዬ ጋ ሲደርስ ግን ቀልድነቱ ቀረ።

እትዬ ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ የወተት ጥርሱን ገና አልቀየረም ነበር። እሷ ትምህርቷን ትታ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባች፤ በዚያ ደመወዝ አበላችው፣ አለበሰችው፣ ሙያ አስተማረችው። ሽማግሌ ሊሆን ሲል እንኳ የምትጠራው «ማሙሽ» እያለች ነበር። ዕድሜዋን ያሳለፈችው በትልልቅ የማጠቢያ መኪናዎች መካከል ስለሆነ፣ ካልጮኸች የምትሰማ አይመስላትም። እትዬ በሹክሹክታ የነገረችህን ምሥጢር መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ይሰማዋል።

የምትዘምረውም እንደዚያው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመዘምራኑ ፊተኛው ረድፍ ላይ ትቆማለች። ዜማው ሲታጠፍ እሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ዝቅ ሲል እሷ ከፍ ትላለች። የመዘምራን መሪው፣ ቀጭን ትሑት ሰው፣ ማይክራፎኑን በየጊዜው ከእሷ ትንሽ ትንሽ ያርቀው ነበር፤ መጨረሻ ላይ ማይክራፎኑ በሩ አጠገብ ደረሰ፣ እትዬም እንደ ልቧ ትሰማ ነበር።

አንድ እሁድ፣ እትዬ ቤት ምሳ እየበሉ ሳለ፣ ደስ ብሏት «ማሙሽ፣ የዛሬው መዝሙር እንዴት ነበር?» አለችው።

ሚስቱ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን መታችው።

«ለምን ትመቺኛለሽ?» አለ ጮክ ብሎ። ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ። «እትዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ያንቺ ድምፅ አየር የገባበት ቧንቧ ነው። ውሃው ሳይመጣ ጩኸቱ ይመጣል። የሌሎቹንም ያበላሻል።»

እትዬ ተነሥታ ሳህን መሰብሰብ ጀመረች። የእሱ ምግብ ገና አላለቀም ነበር፤ ከፊቱ አነሣችው። ከማድ ቤት ስትመለስ፣ እጇን አጣምራ እንደ እንግዳ ተቀባይ ቆመችና «የሚጨመርልዎት ነገር አለ?» አለችው።

እሱ የቀለደች መስሎት ሳቀ። ሚስቱ አልሳቀችም። ያሳደገችውን ልጅ አንቱ ያለች ሴት ምን ያህል እንደራቀች ገብቷታል።

በሚቀጥለው እሁድ እትዬ ከመዘምራኑ መካከል አልነበረችም። ከኋላ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ ከንፈሯን ገጥማ፣ መዝሙር ሳትዘምር ዋለች። ሲወጡ ሊስማት ሲጠጋ እጇን ዘረጋችለት። «ደህና ነዎት? ባለቤትዎም ደህና ናት?» ባለቤቱ እኮ አጠገቧ ቆማለች።

ያኔ መፍራት ጀመረ። ፈርቶ ደግሞ ዝም ማለት አይችልም። ሚስቱ «ቤቷ ሄደህ ለብቻዋ አነጋግራት» ብትለው፣ «በሰው ፊት ተዋርዳ ከመዘምራን ወጥታለች፤ ክብሯንም በሰው ፊት ልመልስላት» አለ። ሐሳቡ ሲነገር ጥሩ ይመስላል። እናም በቀጣዩ እሁድ፣ በምስክርነት ሰዓት፣ እጁን አውጥቶ ማይክራፎኑን ተቀበለ።

«ወገኖች» አለ፣ «እህቴን በድያታለሁ። በሁላችሁ ፊት ይቅርታ ልጠይቃት እፈልጋለሁ።» እዚህ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ባማረ። ነገር ግን ንስሐ ሳይሸራረፍ መነገር አለበት ብሎ ያምናል። «ድምፅሽ አየር የገባበት ቧንቧ ነው ብያታለሁ። ውሃው ሳይመጣ ጩኸቱ ይመጣል ብያታለሁ። የሌሎቹንም ያበላሻል ብያታለሁ። እውነት ቢሆንም እንኳ እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ቀጥሎ አንዲት ሴት ፊቷን በመሐረብ ሸፈነች። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ፈነዳ። ሰባኪው ራሱ አንድ ነገር የወደቀበት መስሎ ከምስባኩ ሥር ጎንበስ አለና ቶሎ አልተነሣም። ሚስቱ ወደ ኋላ ዞር ብላ ስታይ እትዬ ቦርሳዋን አንግታ እየወጣች ነበር። ግቢው ውስጥ ደግሞ ልጆች አፋቸውን በእጃቸው እየዘጉ እየከፈቱ የቧንቧ ድምፅ መለማመድ ጀምረው ነበር።

ሳምንቱ ሳያልቅ ወሬው ደረሰ። እትዬ ሩቅ ከተማ ያለች ልጅ አለቻት፤ «ነይ፣ አብረን እንኑር» ስትላት ዓመታት አልፈዋል፤ እትዬም «ወንድሜን ትቼ የት እሄዳለሁ» እያለች እምቢ ስትላት ኖራለች። አሁን እሺ ብላታለች። የቤት ዕቃዋን ለሰው ማደል ጀምራለች።

እሱ ይህን ሲሰማ በእጁ የያዘውን የቧንቧ መፍቻ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው። ሚስቱ አየችው። እትዬ ከሄደች ይህ ሰው እናቱን ሁለተኛ ጊዜ ሊቀብር ነው አለች በልቧ። ግን የምታደርገው አልመጣላትም፤ እሁድ እስኪደርስ መጸለይ ብቻ ሆነ።

እሁድ ደረሰ፤ እትዬ አልመጣችም። መዘምራኑ ቆሙ። እውነት ለመናገር፣ እንደዚያ ቀን አምሮባቸው አያውቅም። ድምፃቸው ተዋደደ፣ ዜማው እንደ ተተኮሰ ልብስ ተዘረጋ። የመዘምራን መሪው ፊት በራ። የቧንቧ ሠራተኛው ጆሮ ልክ ነበር።

ተራው የሕዝቡ ሲሆን ግን አንድ ነገር ጎደለ፤ እትዬ ከኋላ ዝም ብላ በተቀመጠችባቸው እሁዶች ሰው እሷን እያየ ልብ አላለውም ነበር። ሁልጊዜ ከባልና ሚስቱ ኋላ የሚያስገመግመው አናጺ ያጉተመትማል። ከፊታቸው ያለችው ሴትዮ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ሰው ሁሉ ጎረቤቱን እየሰረቀ ያያል፤ እያንዳንዱ የገዛ ድምፁ ራቁቱን የቆመ ያህል አፍሮበታል። በዚያ ጭርታ ውስጥ ሚስቱ፣ በትዳር ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የባሏን ድምፅ ለብቻው ሰማችው። ቁም ሳጥን ውስጥ የተዘጋባት ድመት ይመስላል። አንድ ስንኝ ያህል ሄደና ቆመ። ዞር ብላ ስታየው አፉ ተገጥሟል፣ ጆሮዎቹ ቀልተዋል።

ቤት ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ሰማሽኝ?» አላት።

«ሰማሁህ።»

«ሁልጊዜ እንደዚህ ነኝ?»

«አላውቅም። እትዬ ስትዘምር አንተን ሰምቼህ አላውቅም።»

ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ። «እኔም ራሴን ሰምቼ አላውቅም። አናጺውም እንደዚያው፤ ያቺ ሴትዮም እንደዚያው። ለካ ሁላችንም በእሷ ድምፅ ሥር ተጠልለን ነው ስንዘምር የኖርነው። እኔ ጆሮ አለኝ ባዩ፣ ዝናብ ሲመታው ጮኸብኝ ብዬ ጣራውን ነቀልኩት።»

ተነሥቶ የመሣሪያ ቦርሳውን ፈለገ። «ልሂድ። የመታጠቢያ ቤቷ ቧንቧም ሳያፈስ አይቀርም፣ በዚያው አየዋለሁ።»

«ቦርሳውን አስቀምጠው» አለችው ሚስቱ። «አንተ ቧንቧ ከያዝክ አፍህን አትከፍትም። ባዶ እጅህን ሂድ። እኔም እመጣለሁ።»

እትዬ በሩን ስትከፍት ከኋላዋ ሻንጣና ካርቶን ተደርድሯል። «ይግቡ፤ ይቀመጡ» አለችው። ለሚስቱ ግን «ነይ የኔ ልጅ» ብላ ጉንጯን ሳመቻት።

እሱ አልተቀመጠም። «እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ጠይቀዋል እኮ። ማይክራፎኑን የት ጥለውት መጡ?»

ሚስቱ ሳቋን ለመዋጥ መስኮት መስኮቱን አየች።

«ዛሬ ስዘምር ራሴን ሰማሁ» አለ።

እትዬ የምታጥፈውን አንሶላ ያዝ አደረገችው። «እና?»

«ዝም አልኩ።»

«ያን ያህል?»

«ሚስቴን ጠይቂያት።»

እትዬ ወደ ሚስቱ ዞረች። ሚስቱም፣ «ቁም ሳጥን ውስጥ የተዘጋባት ድመት ነው የመሰለኝ እትዬ» አለች። «ኋላ ሳስበው ድመቷ ትሻላለች።»

የእትዬ ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አይታወቅም። እሱ ቀጠለ። ስለ አናጺው ነገራት፣ ስለ ሴትዮዋ ነገራት፣ ሕዝቡ ሁሉ እንዴት እንዳፈረ ነገራት። «መዘምራኑ አምሮባቸው ነበር። እኛ ግን አልዘመርንም። ለካ አንቺ ነሽ ስታዘምሪን የኖርሽው።»

«ታዲያ ድምፄ ጥሩ ነው እያልከኝ ነው?»

አንተ ብላዋለች። ሚስቱ ልብ አለች፤ ደስታዋ ግን ብዙም ሳይቆይ ወደ ጭንቀት ተለወጠ፣ ባሏን ታውቀዋለችና። ዓይኗን ጨፈነች።

«አይደለም» አለ።

እትዬ አንሶላውን ማጠፍ ቀጠለች።

«ጥሩ አይደለም እትዬ። ግን እናታችን የሞተች ጊዜ፣ ጨለማ ስፈራ፣ አንቺ ጓሮ እየዘመርሽ ልብስ ታጥቢ ነበር። እኔ እንቅልፍ የሚወስደኝ ድምፅሽን እየሰማሁ ነበር። ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ያለሽ መሆኑን ብቻ ነበር የምሰማው። ያኔ ብልህ ነበርኩ። የጃጃልኩት ካደግሁ በኋላ ነው።»

እትዬ ሻንጣው ላይ ቁጭ አለች። በአንሶላው ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ አፍንጫዋንም ጠረገች፤ ከዚያ የሚያጥበው ሰው እሷው መሆኗ ትዝ ሲላት ተበሳጨች። «አንተ ጅል» አለችው በዚያ መኪና በሚያስንቅ ድምፅዋ፣ «ይህን ለመናገር ነው ያን ሁሉ ሕዝብ የሰበሰብከው? ና፣ ይህን ሻንጣ ቁም ሳጥኑ ላይ መልስልኝ።»

ሻንጣውን መለሰላት። ካርቶኖቹንም ፈታላት። ለሰው ያደለችውን ዕቃ ግን አልጠየቀችም፤ ድስቷ እስከ ዛሬ ጎረቤት ቤት ነው ያለው።

ወደ መዘምራን አልተመለሰችም። «ያለ እኔ አምሮባቸዋል አላልክም? እኔም እኮ ጆሮ አለኝ» አለች። የመዘምራን መሪው ይህን ሲሰማ «እንዴት ያለ መልካም ሐሳብ ነው!» አለ፤ ትንሽ ቢዘገይ ያምርበት ነበር። እትዬ ከሕዝቡ መሃል፣ ከወንድሟና ከሚስቱ ጎን፣ ቦታዋን ያዘች። በመጀመሪያው ስንኝ ላይ ድምፅዋን ለቀቀችው። አናጺው ከኋላ አስገመገመ። ሴትዮዋ አፏን ከፈተች። ሚስቱም ጆሮዋን ወደ ባሏ ጣል ብታደርግ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ እንጂ ድምፁ አልተሰማትም፤ ተመስገን አለች።

እሱ ከዚያ በኋላ ፍጹም ሰው ሆነ የሚል ካለ አያውቀውም ነበር ማለት ነው። እውነት መናገሩን አልተወም። ብቻ፣ ሰው አንድ ነገር ሲጠይቀውና ምላሱ ሲበላው፣ መጀመሪያ ወደ ሚስቱ ዞር ብሎ በዓይኑ ይጠይቃታል፤ እሷም በቅንድቧ ትመልስለታለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ቅንድቧን ሳያይ ይቀድማታል፤ የዚያን ቀን ሁለቱም በእግራቸው ቶሎ ቶሎ ወደ ቤት ይሄዳሉ። ሚስቱ ለዚያ ሁሉ ዘመን እግዚአብሔርን ታመሰግናለች፤ ቸኩለው ለተመለሱበት መንገድም ጭምር።

ቧንቧውን በፈታበት በዚያ ቅዳሜ ዋዜማ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ስልኩ ጮኸ። እትዬ ነበረች፤ ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። «ማሙሽ፣ ሎሚ አምጣልኝ፤ እንዲህ ሆኜ እሁድ ምን ልሆን ነው?»

ሚስቱን ከትምህርት ቤቷ በር ላይ ጠበቃትና አብረው አትክልት ተራ ገቡ። ሎሚውን አንድ በአንድ እያነሣ፣ እየጨመቀ፣ እያሸተተ መረጠ፤ ባለሱቁ «ጌታዬ፣ ሎሚ ነው እኮ፣ ሚስት አይደለም የምትመርጠው» ቢለው «ሚስቱንስ ሳላሸት ነው ያገባሁት፣ ተሳካልኝ» አለው። ሚስቱ ክንዱን ቆነጠጠችው። ከጎን ካለው ሱቅ ማር ገዙ።

እትዬ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተቀምጣ ነበር። ገና ሳይቀመጡ አንዲት ስንኝ ልትሞክር አፏን ከፈተች፤ የወጣው ነፋስ ብቻ ነው። «እንዴት ነው?» አለች።

እሱ ወደ ሚስቱ አልዞረም። «እሁድ ከጎንሽ አለሁ፣ ካቃተሽ እኔ እጮኻለሁ» አላት።

«አንተ? ሰው ቤተ ክርስቲያን ጥሎ ይሸሻል!» ሳቀች፣ ሳቁ ወደ ሳል ሄደ።

ማድ ቤት ገብቶ ውሃ አፈላ። ሎሚ ቆርጦ ጨመቀ፣ ማር ጨመረበት፣ አማሰለ፣ ቀምሶ ትንሽ ማር ደገመ። እትዬ እስክትጨርስ ድረስ ከፊቷ ቆሞ ጠበቃት። ብርጭቆውን አጠበ፣ ቢላውን አድርቆ መሳቢያው ውስጥ መለሰ፣ የተረፉትን ሎሚዎች እጇ በሚደርስበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠላት፤ ከዚያ ብርድ እንዳይገባባት በሩን ሳብ አድርጎ ዘግቶ ከሚስቱ ጋር ወጣ።